ሴጋ የጌም ማጫወቻ ማምረት ለምን አቆመ?

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ ሄርማታ ውስጥ ጌም ቤት አለኝ። ልጆች በፕሌይስቴሽን ላይ ሶኒክ የተባለውን የሴጋ ጌም ሲከፍቱ የሴጋን ስም ስለሚያዩ፣ ኩባንያው የራሱ ማሽን የለውም ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ድሪምካስት የመጨረሻ ማሽኑ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ ድሪምካስት ያነበብሁት ሁሉ ምስጋና ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሠራ ድርጅት ከገበያው የወጣበት ምክንያት አልገባኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ (የመንደራ ልጅ)፦
ወንድሜ፣ ምስጋናው ተገቢ ነው። ድሪምካስት እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ሲገባ በ199 ዶላር የሚሸጥ፣ የኢንተርኔት ሞደም ጭምር የተገጠመለት ማሽን ነበር። በእኔ እምነት ሴጋን የጎዳው ከዚያ በፊት የተፈጸመው ነው። በ1994 መጨረሻ ለቀድሞው ማሽኑ ተቀጥላ የሚሆን 32ኤክስ የተባለ መሣሪያ ለአሜሪካ ደንበኞቹ ሸጠ፤ ገዢዎች ገና ሳይጠግቡት፣ በሜይ 1995፣ ሳተርን የተባለውን አዲስ ማሽን በ399 ዶላር አወጣ። ያውም ለሴፕቴምበር ቀጠሮ ተይዞለት የነበረውን ማሽን በድንገት ለተመረጡ መደብሮች ብቻ በማከፋፈሉ፣ የተዘለሉት ነጋዴዎች ተቀየሙ፤ ጌም ሠሪዎችም ሥራቸውን ሳይጨርሱ ቀሩ። ሶኒ በዚያው ቀን የፕሌይስቴሽንን ዋጋ 299 ዶላር ብሎ አሳወቀ። ደንበኛም ነጋዴም በሴጋ ላይ የነበራቸው እምነት የተሸረሸረው በዚህ ጊዜ ነው።

የንግዱን ጠባይ ደግሞ ልብ ይበሉ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ በኪሳራ ወይም ያለ ትርፍ ይሸጥና፣ ገንዘቡ የሚመለሰው ከጌሞች ሽያጭና ሌሎች ኩባንያዎች ከሚከፍሉት የፈቃድ ክፍያ ነው። ስለዚህ ጌም ሠሪዎች ካልመጡ ማሽኑ በተሸጠ ቁጥር ዕዳው ይከብዳል። የፊፋን ጌም ይሠራ የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አልሠራም፤ ፊፋ የሌለው ማሽን በእርስዎ ጌም ቤት ምን ያህል ሰው እንደሚያስቀምጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በማርች 2000 የዲቪዲ ፊልም የሚያሳየው ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ፣ ለዓመታት በኪሳራ የቆየው ሴጋ የዋጋ ውድድሩን የሚቋቋምበት ገንዘብ አልነበረውም። ድሪምካስት የተሸጠው 9 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኩባንያው በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሊቀ መንበሩ ኢሳኦ ኦካዋ ኩባንያውን ለማትረፍ ከግል ሀብታቸው ለግሰው በዚያው ዓመት በማርች ወር አረፉ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

መልስ (ከቆጪ)፦
የተዘለለ ነገር አለ፤ እርሱም የኮፒ ጉዳይ ነው። የድሪምካስት ጌሞች 1 ጊጋባይት ያህል በሚይዝ ልዩ ዲስክ ቢታተሙም፣ ማሽኑ ሚል-ሲዲ ለተባለ የሙዚቃ ዲስክ በከፈተው በር በኩል ተራ ሲዲ ላይ የተገለበጠ ጌም ያለ ምንም ማሻሻያ ይጫወት ነበር። ከጌም ሽያጭ መኖር ለነበረበት ድርጅት ይህ ከባድ ጉዳት ነው።

መልስ (የመንደራ ልጅ)፦
ጉዳቱን አልክድም፤ ዋነኛ ምክንያት መሆኑን ግን አልቀበልም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽንም በየአገሩ ያለ ገደብ እየተገለበጠ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሴጋን ለውድቀት ያበቃው በቂ ገዢና በቂ ጥሪት ሳይኖረው ወደ ውድድሩ መግባቱ ነው።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሶኒክ ወደ ሌሎች ማሽኖች የተሻገረው ወዲያው ነበር?

መልስ (ከቆጪ)፦
ዓመት አልሞላውም። በ2001 መጨረሻ በቀድሞ ተቀናቃኙ በኒንቴንዶ ማሽኖች ላይ ወጣ። በ2004 ደግሞ ሴጋ ሳሚ ከተባለ የጃፓን ኩባንያ ጋር ተዋሃደ፤ እስከ ዛሬም ጌም እየሠራ ነው።