የንግግር ክበቡ ዕቅድ፦ ለእሑዱ የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ (ጎንደር) የሚቀርበውን እንጨርስ

መምህርት (ማራኪ)፦
ረቂቁ ይኸው። በውኃ መስመሩ ስብሰባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 40 ሰው ሄደን የተነሣችው አንዲት ልጅ ናት። ጉዳዩን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። ግን ድምፅዋ ጠፋባትና ተቀመጠች። እኛም ዝም ብለን ወጣን። ስለዚህ በሰው ፊት መናገር የምንለማመድበት ክበብ ይቋቋም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ተኩል። አንድ ሰው ተዘጋጅቶ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይናገራል። ሌላው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አስተያየት ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ የተሳካለትን፣ ቀጥሎ ማሻሻል ያለበትን። ከዚያ ርዕስ በዕጣ እየወጣ ያለ ዝግጅት ከ1 እስከ 2 ደቂቃ። ሰዓት ያዥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል። መድረክ መሪው በየጊዜው ይቀየራል። ሰው መምራት የሚለምደው እዚያ ላይ ነው። መሙያ ቃል የሚቆጥርም ይኖራል፦ «እ…»፣ «እንትን»፣ «ማለት ነው»፣ «እንግዲህ»። በአንዱ 2 ብር ቅጣት፣ ለሻይ። ከካዝና የምጠይቀው 6,000 ብር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ካዝናው ውስጥ 41,000 አለ። 15,000ው ለሐዘን የተቀመጠ ነው፣ አይነካም።

የአዘዞው፦
ለምን ቶስትማስተርስ ውስጥ አንገባም? የንግግር ክበቦች ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ 1924 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና የተጀመረ ነው። ሥርዓቱ ያለቀለት ነው፤ የምስክር ወረቀትም አለው።

ገንዘብ ያዥ፦
ክበብ ለማስመዝገብ 20 አባል ይፈልጋል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ በየ6 ወሩ 60 ዶላር ነው። 1,200 ዶላር ከየት ልናመጣ? አሠራሩን እንውሰድ፣ ክፍያውን እንተው።

መምህርት፦
የጻፍኩትም እሱን ነው። ካርዱም ደቂቃውም ከእነሱ የተወሰደ ነው።

የአዘዞው፦
ይሁን። ቆጣሪው እኔ ልሁን።

ጡረተኛው ጠበቃ (ፒያሳ)፦
«እንግዲህ» መሙያ ቃል አይደለም።

የአዘዞው፦
ጋሼ፣ 2 ብር እኮ ነው።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ነገሩ የብር አይደለም። 31 ዓመት ችሎት ፊት ቆሜያለሁ። ማጠቃለያዬን የምጀምረው «እንግዲህ» ብዬ ነው። ዳኛው ቀና የሚለው እዚያ ላይ ነው። እንጀራዬን የበላሁበትን ቃል ጥፋት ነው ልትሉኝ ነው?

አስጎብኚው (አራዳ)፦
አንድ ጊዜ ከሆነ ማንም አይቃወምም። አንቱ ግን ባለፈው ሐዘን ላይ በምስጋናው ንግግር 14 ጊዜ ብለውታል። ቆጥሬያለሁ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ሐዘን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠህ ቃል ትቆጥር ነበር?

አስጎብኚው፦
ሌላ የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ነው።

ሰብሳቢ፦
ኧረ ተዉ። ሁለታችሁም።

መምህርት፦
ቃሉ ጥፋት የለበትም። «እንግዲህ ሦስት መንገድ አለን» ካልን ሥራ ይዟል። «እኔ እንግዲህ፣ ያው እንግዲህ» ካልን አልያዘም። ተማሪዎቼ ላይ በየቀኑ የማየው ነው። ልጁ መልሱን ያውቃል፤ ግን ዝምታውን ስለሚፈራ በ«እንትን» ይሞላዋል። መድኃኒቱ ከንፈርን ገጥሞ አንድ ትንፋሽ መጠበቅ ነው። ለተናጋሪው ዓመት ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን «አስቦ የሚናገር ሰው ነው» ይላል። የሚቆጠረው ይህን ለማስለመድ ነው እንጂ ሰው ለማዋረድ አይደለም።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ሥራ መያዝ አለመያዙን ማን ይለያል? የ20 ዓመት ልጅ? ደግሞስ እኛ ንግግር ከካሊፎርኒያ የምንማር ሕዝብ ነን? በበላ ልበልሃ ጊዜ ተሟጋች በሕዝብ ፊት ቆሞ ማሩን በቅሎውን እያስያዘ በግጥም ይሟገት ነበር። ካርድ ያሳየው አልነበረም። ይህ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። አለበለዚያ ስሜን አውጡት።

አስጎብኚው፦
እኔም ይግባ እላለሁ። ግን የኛ ችግር ሌላ ነው። እኔ ስለ ፋሲል ግቢ ለማላውቀው ሰው ሁለት ሰዓት አወራለሁ። ከፈረንጆቹ 1636 ጀምሬ ንጉሥ በንጉሥ እቆጥርለታለሁ። በራሳችን ስብሰባ ግን እጄን አውጥቼ አላውቅም። ሁሉም የሚያውቀኝ ቦታ ላይ አፌ ይታሰራል። ክበቡን የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ተማሪዋ (ቅዳሜ ገበያ)፦
ያቺ ድምፅዋ የጠፋባት ልጅ እኔ ነኝ። መምህርት፣ ስላነሣሽው ቅር አላለኝም። ግን ቅጣቱ ያስፈራኛል። ወረቀቴ እየተንቀጠቀጠ «እ…» ባልኩ ቁጥር ሰው ሲመዘግብ ካየሁ ያኔም እቀመጣለሁ። ቆጣሪው መጨረሻ ላይ ለብቻዬ ቢነግረኝ ይሻለኛል።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
«ማለት ነው» ይቆጠር፣ እስማማለሁ። «እንግዲህ» ግን አይቆጠርም።

የአዘዞው፦
«ያው»ስ?

ጡረተኛው ጠበቃ፦
«ያው» ይቆጠር።

አስጎብኚው፦
ጋሼ፣ የሐዘኑን ማንሣት አልነበረብኝም። ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ይቅር ለእግዜር። ልንገርህ፣ የደጋገምኩት ከኋላ ያሉት ስላልሰሙኝ ነው። ሰው ወደ ድንኳኑ ጥግ እየዞረ ያወራ ነበር። እነሱን ለመመለስ ነው «እንግዲህ» እያልኩ የጀመርኩት።

አስጎብኚው፦
እሱስ እውነት ነው። እኔም መሐል ሆኜ በደንብ አልሰማሁም። የራሳችን ሞንታርቦ የለንማ።

ገንዘብ ያዥ፦
ዘንድሮ 7 ጊዜ ተከራይተናል። በ1,500 ሒሳብ 10,500 ብር። በሁለት ዓመት የራሳችንን እንገዛበት ነበር።

የአዘዞው፦
ለሠርግም ብናከራየው ገቢ ነው። ጥር ላይ ሠርግ ብቻ ነው ከተማው።

መምህርት፦
እባካችሁ። ያችን ልጅ ያስቀመጣት የማይክ እጥረት አይደለም። ያለ ማይክ መናገር እንልመድ መጀመሪያ። ተማሪዋ የጠየቀችው እኮ አልተመለሰም። ቆጣሪው ለብቻ ይንገር፣ ቅጣቱ ይነሣ። በዚህ ላይ ሐሳብ ስጡ።

ሰብሳቢ፦
ሁለቱ በአንድ ይቅረብ። ርዕሱ «የድምፅ መሣሪያ ግዢና የንግግር ልምምድ» ይሁን። ለሞንታርቦና ለማይክ 22,000። ለክበቡ 4,000። ወንበር ከድንኳኑ ይመጣል። «እንግዲህ» ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
እንዲህ ከሆነ እደግፋለሁ። በላ ልበልሃውን በግማሽ ገጽ ጽፌ እልካለሁ።

መምህርት፦
ጋሼ፣ ይላኩልኝ። ሰብሳቢ፣ ክበቡ ለምን ሁለተኛ ሆነ? ቅጣቱስ?

የአዘዞው፦
ቆጣሪ እሆናለሁ ያልኩትን ተዉት። ቅዳሜ ባጃጅ ላይ ነኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ።

ተማሪዋ፦
መጀመሪያ የምናገረው እኔ ልሁን። የመጀመሪያ ንግግር ስለ ራስ፣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው ብላኛለች መምህርት። መጻፍ ጀምሬያለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ነው ወይስ ከጉባኤው በኋላ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ሐሙስ ይምጣልኝ። ሁለቱ ከፒያሳ ሱቆች ቢሆኑ ይሻላል። ማን ይሄዳል?

አስጎብኚው፦
እኔ እሄዳለሁ። ባለ ሁለት ማይኩን ነው ወይስ ባለ አራቱን?