የበጎ ፈቃድ ተጠባባቂ ፖሊስ ልሆን ነው፤ ደንቡን ከመፈረሜ በፊት እርዱኝ

ጥያቄ፦ ሌሊት ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖርበት ከተማ ፖሊስ በጎ ፈቃደኛ ተጠባባቂዎችን እየመዘገበ ነው። ፎርም ሞላሁ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ የጤና ምርመራውንም አለፍኩ። የቀረኝ ደንቡን ፈርሜ ቃለ መሐላ መፈጸም ነው። ደንቡን ሳነበው ግን አራት ቦታ ላይ ቆምኩ።

አንደኛው «ተጠባባቂው የፖሊስ ሥልጣን የሚኖረው በስምሪት ላይ ሳለ ብቻ ነው» ይላል። ወደ ቤቴ ስሄድ ሰው ሲደበደብ ባይ ታዲያ ምን ነኝ? ፖሊስ ነኝ ወይስ አላፊ አግዳሚ?

ሁለተኛው «ከአገልግሎቱ ጋር የሚጋጭ ሥራ መሥራት አይፈቀድም» የሚል ነው። እኔ ማታ ማታ በጥበቃ ድርጅት ተቀጥሬ ነው የምሠራው። እንጀራዬ እሱ ነው።

ሦስተኛው «አባሉ በኃላፊው ፈቃድ ያገለግላል፤ አገልግሎቱ በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል» ይላል። ያለ ምንም ምክንያት ማለት ነው?

አራተኛው ስለ ጉዳት ነው። ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አባሉ ሕግ በሚፈቅደው መጠን ይካሳል»። ባለቤቴ ጣቷን ያሳረፈችው እዚህ ላይ ነው። «ብትጎዳ ማን ያሳክምሃል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩን ከልቤ ነው የምፈልገው። የምታውቁ አስረዱኝ፤ የመፈረሚያው ቀን ቀርቧል።

መልስ፦ የቀድሞ ተጠባባቂ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሐሳብህ ያስከብርሃል። ሳይነበብ የሚፈረም ደንብ ብዙ ነው፤ አንተ አንብበሃል።

«ተጠባባቂ ፖሊስ» የሚለው ስም በየከተማው አንድ ዓይነት ሥልጣን አይሰጥም። ለንደን ውስጥ ልዩ ኮንስታብል የሚባሉት ፈቃደኞች ደሞዝ የላቸውም፤ ወጪያቸው ብቻ ነው የሚተካላቸው። ሰው የመያዝ ሥልጣናቸው ግን ከመደበኛው ፖሊስ እኩል ነው፤ በመላው እንግሊዝና ዌልስም ይሠራል። ኒውዮርክ ደግሞ ረዳት ፖሊሶች አሉ። አጀማመራቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መግቢያ ከነበረው የሲቪል መከላከያ (ሕዝቡን በጦርነት ጊዜ ከአደጋ ለመጠበቅ ከተቋቋመው አገልግሎት) ጋር የተያያዘ ነው። የሚለብሱት ልብስ የፖሊሱን ይመስላል፤ ሽጉጥ ግን አይታጠቁም። ዋና ሥራቸው መዘዋወር፣ ማየትና በሬዲዮ መጥራት ነው። ሲንጋፖር ያለው ፈቃደኛ ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ አባላቱ ሥራ ላይ ሲሆኑ የመደበኛ ፖሊስ ሥልጣን አላቸው።

ስለዚህ ሌላ ከተማ ያለ ወዳጅህ «እኔ እንዲህ ማድረግ እችላለሁ» ቢልህ ላንተ አይሠራም። የሚገዛህ የራስህ ከተማ ደንብ ነው።

መልስ፦ የሕግ ሰው

እኔ አንደኛው ጥያቄህ ላይ ልቆይ። ሌሎቹ ሁሉ የሚመነጩት ከሱ ነው።

«ስምሪት ላይ» ማለት መቼ ጀምሮ መቼ የሚያልቅ ነገር ነው? ጣቢያ ገብተህ መዝገብ ላይ ስትፈርም ነው የሚጀምረው? ወይስ ሬዲዮ ተቀብለህ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስታሳውቅ? ፈረቃህን ጨርሰህ የደንብ ልብሱን እንደለበስክ አውቶቡስ ላይ ብትሆንስ? ደንቡ በግልጽ ካላስቀመጠው አስተባባሪውን ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ነገ ፍርድ ቤት ብትቆም ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቅህ «በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ነበርክ?» ብሎ ነው።

ከስምሪት ውጭ ስትሆን እንደማንኛውም ሰው ነህ። በብዙ አገር ሕግ ማንም ሰው ከባድ ወንጀል ሲፈጸም እጅ ከፍንጅ ቢያይ ፈጻሚውን ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ይህ ግን ከፖሊስ ሥልጣን በጣም ይጠብባል። ፖሊስ በቂ ምክንያት ኖሮት ሰው ቢይዝና በኋላ ወንጀል እንዳልነበረ ቢታወቅ፣ በእንግሊዝና እሱን በተከተሉ ሕጎች ምክንያቱ ይከላከልለታል። ተራው ሰው ግን ወንጀሉ በእርግጥ ካልተፈጸመ ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው ሁሌም መጀመሪያ ደውል የምለው። ከዚያ የሰውየውን መልክ፣ ልብሱን፣ የሄደበትን አቅጣጫ ያዝ። ለተጎዳው ድረስለት። እንዲህ ማድረግ ፍርሃት አይደለም።

ከሁሉ የባሰው ከሥራ ውጭ ሆኖ መታወቂያ አውጥቶ «ፖሊስ ነኝ» ማለት ነው። በሌለህ ሥልጣን ሰው አዘዝክ ማለት ነው፤ ራሱን የቻለ ወንጀል የሚሆንበት አገር ብዙ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በስምሪት ላይ ብትሆንም ብቻህን መሥራት ላይፈቀድልህ ይችላል። የካሊፎርኒያ ሕግ ተጠባባቂዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው ደረጃ የመደበኛውን ፖሊስ መሠረታዊ ሥልጠና ሙሉ በሙሉ የወሰደ ነው፤ ብቻውን መሰማራት ይችላል። ሁለተኛው ከጎኑ ሙሉ ሥልጠና ያለው ፖሊስ መኖር አለበት። ሦስተኛው ትራፊክ ማስተናገድ፣ በሰልፍና በስፖርት ቦታ ማገዝ፣ ሪፖርት መቀበል የመሳሰለውን ነው የሚሠራው። ሎስ አንጀለስም የምትመራው በዚሁ ነው። ያንተ ደንብ ውስጥ «በቅርብ ክትትል» የሚል ሐረግ ካለ ሳታጣራው አትለፍ። አለቃው አጠገብህ ይሁን ወይስ በሬዲዮ ይበቃል? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መልስ፦ ጥበቃ ነበርኩ

ስለ ሁለተኛው ልንገርህ፤ እኔም ከዚያው ሥራ ነው የመጣሁት።

እንጀራህ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ይህን አንቀጽ አትናቀው። ለንደን ውስጥ የመዝናኛ ቤት በር ጠባቂ ሆኖ ልዩ ኮንስታብል መሆን አይቻልም። ዳኝነት ላይ ያለ ሰውም አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማታ የቀጠረህ ሰው በር ላይ ጠብ ቢነሳ የቆምከው ለማን ነው? ለደሞዝህ ወይስ ለሕጉ? የተደበደበው ሰውስ ማንን ያምናል?

ችግሩ ወሬ ላይም ይመጣል። እንደ ተጠባባቂ የፖሊስ መረጃ ያጋጥምሃል። የጥበቃ ድርጅቱ አለቃህ «እስቲ ይህን ታርጋ እይልኝ» ቢልህ እምቢ ማለት አለብህ። ካየህለት አንተም የመረጃ ሕግ ጥሰሃል፣ ተጠባባቂነትህም እዚያው ያበቃል።

አሁኑኑ ሥራህን በጽሑፍ አሳውቅ። የድርጅቱን ስም፣ የምትጠብቀውን ቦታና ሰዓትህን ጻፍ። አንዳንዱ ከተማ ጭራሽ ይከለክላል። ሌላው ይፈቅድና «የምትጠብቅበት ሰፈር ውስጥ አትሰማራም» ይልሃል። ዝም ብለህ ብትገባና በኋላ ቢታወቅ ግን ጥፋቱ ሥራው ሳይሆን መደበቅህ ይሆናል። በዚያ የተባረረ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታም በቀላሉ አይቀበሉትም።

መልስ፦ ጋሽ አሠልጣኝ

ልጄ፣ ስለ ሥልጠናው አለመጠየቅህ አሳሰበኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ካውንቲ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ የሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ ኃላፊ) ተጠባባቂ የኤሌክትሪክ ማደንዘዣውን ያወጣ መስሎት ሽጉጡን አወጣ። መሬት ላይ የተያዘ፣ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሞተ። ተጠባባቂው በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ተብሎ 4 ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የጠየቀው «ይህ ሰው ሥልጠናውን በእርግጥ ወስዷል ወይ?» የሚል ነበር።

እኔ የማስተምራቸውን ልጆች የምለው ይህን ነው፤ ያልወሰድከውን ሰዓት ማንም እንዲፈርምልህ አትፍቀድ። «ግድ የለም፣ ትደርስበታለህ» የሚል ደግ አለቃ ይኖራል። ደግነቱ ለሱ ነው። የሥልጠና መዝገብህን ቅጂ ራስህ ያዝ። እድሳቱንም ጠይቅ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ ተጠባባቂዎች በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ማደሻ መውሰድ አለባቸው።

ሌላው የኪስ ደብተር ነው። ገጹ ላይ ቀን፣ የገባህበት ሰዓት፣ አብሮህ የተሰማራው ፖሊስ፣ ያሰማራህ ኃላፊ። አንድ ነገር ሲፈጠር እዚያው ቆመህ ጻፍ። መስመር ዝለህ ባዶ ቦታ አትተው። ከተሳሳትክ አትፋቅ፤ በአንድ መስመር ሰርዝና አጠገቡ ፈርም። ተፍቆ የተስተካከለ ደብተር የሚያምን ዳኛ አላየሁም።

ሌሊት ፈረቃ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሥልጠናው ነገ እጠይቃለሁ። ሥራዬንም ዛሬውኑ በደብዳቤ አሳውቃለሁ።

አንድ የረሳሁት ነበር። በስሜ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ። ተጠባባቂዎች አይታጠቁም ይላል ደንቡ። የራሴን በስውር ብይዝስ? ፈቃዱ ሕጋዊ ነው።

መልስ፦ የሕግ ሰው

አይሆንም፤ እንዳታስበው። የግል ፈቃድህ እንደ ግለሰብ ነው የተሰጠህ። የደንብ ልብስ ለብሰህ በፖሊስ ስም ስትቆም ተፈጻሚ የሚሆነው የፖሊሱ ደንብ ነው። ኒውዮርክ ውስጥም ረዳት ፖሊስ የግል ፈቃድ ቢኖረውም በሥራ ላይ መታጠቅ አይችልም። አብሮህ ያለው ፖሊስ አንተን ባዶ እጅህን እንደሆንክ አስቦ ነው የሚንቀሳቀስ። ድንገት ሽጉጥ ብታወጣ እሱም፣ ሌላው ደራሽ ፖሊስም ማን መሆንህን ለይቶ ላያውቅ ይችላል። መጀመሪያ አደጋ ላይ የምትወድቀው አንተው ነህ።

መልስ፦ የነርሷ

እኔ የባለቤትህን ጥያቄ ልመልስ። እሷ የነካችው ነው ትልቁ ነገር።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ሁለት ረዳት ፖሊሶች በጥይት ተገደሉ። መሣሪያ አልያዙም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው ለረዳት ፖሊሶች ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለመግዛት የተነሳው። የፌዴራሉ መንግሥት ለወደቁ ፖሊሶች ቤተሰብ የሚከፍለው ካሳም መጀመሪያ ተከልክሎ ነበር፤ ረዳት ፖሊስ እንደ ፖሊስ ይቆጠራል ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። በኋላ ነው የተፈቀደው። ቤተሰብ ሐዘን ላይ ሳለ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም።

«ሕግ በሚፈቅደው መጠን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርህም። የትኛው ሕግ? በሥራ ላይ ጉዳት ሕግ ውስጥ ፈቃደኛ እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል? ካሳው የሚሰላው ከቀን ሥራህ ደሞዝ ነው ወይስ ደሞዝ ስለሌለህ ከዜሮ? ይህቺን ጥያቄ ሰው ይረሳታል። እጅህ ተሰብሮ ወር ሁለት ወር ከጥበቃ ሥራህ ብትቀር የሚጎድለው የቤት ኪራዩ ነው። ሥልጠና ላይ የሚደርስ ጉዳትስ ይሸፈናል? ብዙ ሰው የሚጎዳው ገና ሲሠለጥን ነው፤ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ወገብ። በመጨረሻም የግል የሕይወት መድን ካለህ ለድርጅቱ አሳውቅ። አደገኛ ሥራ ላይ መሆንህን ካልነገርካቸው አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ።

መልሱን ከአስተባባሪው አፍ አትቀበል። የከተማው የሰው ኃይል ወይም የሕግ ክፍል ይጻፍልህ። ባለቤትህም ታንብበው።

መልስ፦ ቆም ብለህ አስብ

እኔ ግን አልስማማም። ያለ ደሞዝ፣ ያለ ትጥቅ፣ በማንኛውም ጊዜ ልትባረር፣ ኃላፊነቱ ግን ሙሉ። ከተማው ፖሊስ ካነሰው ይቅጠር። ሦስተኛውን አንቀጽ እዩት፤ መብት የሚባል ነገር የለውም።

መልስ፦ የቀድሞ ተጠባባቂ

ቅሬታህ ተገቢ ነው። ከተማው ቅጥርን በፈቃደኛ ለመተካት ካሰበ እኔም እቃወማለሁ። ብዙዎቹ ደንቦች ግን ተጠባባቂ መደበኛውን ይደግፋል እንጂ አይተካም ይላሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2022 ሕግ በኋላ ልዩ ኮንስታብሎች የፖሊሶች ማኅበር አባል መሆን ችለዋል። መብት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ጠያቂው፣ «በኃላፊው ፈቃድ» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ አለ። ፈቃደኛ ቋሚ ሠራተኛ ስላልሆነ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ነገር ለይ። አንዱ ስለማታስፈልግ ማሰናበት ነው። ሌላው «ጥፋት ሠርተሃል» ብሎ ማባረር ነው። ሁለተኛው ስምህን ይነካል፤ ነገ መደበኛ ፖሊስ ልሁን ብትል ፋይልህ ውስጥ ያገኙታል። ስለዚህ ክስ ሲቀርብብህ በጽሑፍ ይሰጡሃል ወይ? መልስ የምትሰጥበት ቀን አለ? ይግባኙን የሚያየው ማን ነው? እነዚህን ጠይቅ። ደንቡ ይግባኝ ከሌለው እያወቅህ ግባ ወይም ተወው። በበኩሌ ጉዳቱ ካልተሸፈነ አትፈርም እልሃለሁ፤ ይግባኝ ከሌለው ግን አንተ ወስን።

ሌሊት ፈረቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን አነበብነው። አስተባባሪው ቃለ መሐላውን እንዲያዘገይልኝ ጠየቅሁት፤ ለሚቀጥለው ዙር አዛውሮኛል። የስምሪት ሰዓቱንና የጉዳቱን ካሳ የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ለሕግ ክፍሉ በደብዳቤ አስገብቻለሁ። መልሱ ሲመጣ እዚሁ አመጣላችኋለሁ፤ የሕግ ሰው፣ ያንተን አስተያየት በተለይ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሕግ ሰው

ላከው፤ አየዋለሁ። ደብዳቤው ላይ ገቢ ያደረጉበት ቁጥርና ማኅተም መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለው ነገ ተመልሰህ አስመታበት።