አባላቱ ከካዛንቺስ የተበተኑበት እድር እንዴት ይቀጥላል?

የእድር ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የእድር ሥራ የምታውቁ መልስ ብትሰጡኝ። እድራችን ካዛንቺስ ኡራኤል አካባቢ የተቋቋመ የሰፈር እድር ነው። ሰፈሩ በ2017 መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሲነሳ አብዛኛው ሰው ገላን ጉራ ገባ፣ የተወሰነው አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሄደ፣ ጥቂቱ እዚያው መሃል ከተማ ተከራይቶ ቀረ። 180 አባል ነበርን፣ አሁን በየወሩ የሚከፍለው 110 ገደማ ነው። ሁለት ሸራ ድንኳን፣ 200 ወንበር፣ የሴቶቹ ድስትና ሰሃን አለን።

ወጣቶቹ «በቴሌብር እንሰብስብ፣ ሞት በቴሌግራም ይነገር፣ በቃ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ንብረቱን ተካፍለን እንበተን የሚሉ ናቸው። ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ በገባበት ሰፈር እድር ይግባ ባይ ነው። ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለን ይሰርዛል፣ ቀብር የቀረንም ይቀጣል። በዚህ ደንብ ከሄድን ግማሹ ሰው ሊሰረዝብን ነው። ከየት እንጀምር?

ሒሳብ መርማሪ፦

ከሒሳቡ ጀምሩ። ሰዉ ርቀቱን ነው የሚያማርረው፣ እድርን የሚጥለው ግን ወጣቱ ቀድሞ መውጣቱ ነው። ወርሃዊው መዋጮ 100 ብር፣ የአንድ ሐዘን ክፍያ በአማካይ 12,000 ብር ነው እንበል። 180 አባል በዓመት 216,000 ያስገባል። 14 ሐዘን ቢደርስ 168,000 ይወጣና 48,000 ለድንኳን ጥገና፣ ለለፋፊና ለመጠባበቂያ ይተርፋል። አባሉ 110 ሲሆን ገቢው 132,000 ነው። የቀሩት በዕድሜ የገፉት ስለሆኑ ሐዘኑ በዚያው ልክ አይወርድም፤ 11 ሐዘን ብቻ ቢደርስ 132,000ው ሙልጭ ይላል። ከ12ኛው ጀምሮ የምትከፍሉት ከተቀማጭ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ያለፈውን ሦስት ዓመት መዝገብ ገልጣችሁ በዚህ መልክ አውርዱት፣ ከዚያ በፊት ስብሰባ አትጥሩ።

መዋጮ መጨመር ቀላል ይመስላል፣ ጡረተኛውን ግን ያስወጣል። የሚሻለው ሽፋኑን መከርከም ነው። መጀመሪያ የሚነካው የእህት፣ የወንድምና የአማት ክፍያ ነው። የአባሉንና የትዳር ጓደኛውን አትንኩ፤ ሰው እድር የሚገባው ለዚያ ነው።

አደረጃጀቱን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ ገንዘቡ አንድ ይሁን፣ ጉልበቱ ይከፋፈል። ሦስት ምድብ አውጡ፦ ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ መሃል ከተማ። ለየምድቡ ተጠሪና ምክትል ይመረጥ። ድንኳን መትከል፣ ማስተናገድ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማምሸት የምድቡ ግዴታ ነው፣ ቅጣትም የሚጣለው በገዛ ምድቡ ሐዘን ለቀረ ብቻ ነው። ከሌሎቹ ምድቦች ለቀብር ሦስት ሦስት ሰው በተራ ይወከል። ከአራብሳ ገላን ጉራ ታክሲ እየቀያየረ ያልመጣን መቅጣት አባልን በገዛ እጅ ማባረር ነው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ከ15 በታች የሆነበት ምድብ ድንኳን መትከል አይችልም፣ አይሞክርም። እዚያ ካለ እድር ጋር በጽሑፍ ይዋዋልና የድንኳንና የወንበር ኪራዩን የእናንተ ካዝና ይክፈል።

የሦስት ወሩን ስረዛ በተመለከተ፣ ከሰፈር በመነሣት የተከማቸ ውዝፍ በስድስት ወር ተከፋፍሎ እንዲከፈል ወስኑ። ነገር ግን ውዝፉን የጀመረ ሁሉ ያን ዕለት ሽፋን ያገኛል አትበሉ። ቤቱ ታማሚ የተኛበት ሰው ብቻ ተመልሶ ይመጣና በሁለተኛው ወር ክፍያ ይጠይቃል፣ ዘወትር የሚከፍለውም ያኮርፋል። ሽፋኑ ከመጀመሪያው ክፍያ ሦስት ወር በኋላ ይጀምር።

ኔትወርክ፦

ስለ ቴሌብሩና ቴሌግራሙ ልጨምር።

ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ስላለ ሰው ለምዶታል፣ መክፈያነቱ ላይ ጥያቄ የለም። ጥያቄው በማን ስም የሚለው ነው። የገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር ላይ ከተሰበሰበ ገንዘቡ በወረቀት የእሱ ነው። እሱ ቢሞት ደግሞ እድሩ የገዛ ገንዘቡን ከወራሾች ጋር በፍርድ ቤት ሲካሰስ ይኖራል። በእድሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ሦስት ፈራሚ፣ ከሦስቱ የማናቸውም ሁለት ፊርማ የሚያንቀሳቅሰው። ባንኩ የፈራሚዎች መምረጫ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብና የወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ያለ ፋይዳ መታወቂያ ስለማይከፈት ሦስቱም ፈራሚዎች ቁጥራቸውን ይዘው ይሂዱ፤ በዕድሜ የገፉ ፈራሚዎች አሻራቸው ሳይነበብ ቀርቶ እንዳይመላለሱ ቀደም ብለው ይመዝገቡ።

ከፋዩ ከቴሌብር ወደ ባንክ ሲያስተላልፍ የምክንያት ቦታው ላይ የአባል ቁጥሩንና ወሩን ብቻ ይጻፍ፦ «047 ጥቅምት»። አርባ ሰው «ለእድር» ብሎ ከላከ ገንዘብ ያዡ ማን እንደከፈለ አያውቅም፣ ልጅ ውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ ሲከፍል ደግሞ ስሙም አይመሳሰልም። በስክሪንሾት ደረሰኝ አትቁረጡ፣ ፎቶ በቀላሉ ይቀየራል። በየወሩ መጨረሻ የባንክ መግለጫ ይውጣና ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር። ካርዱንና እስክሪብቶውን አትጣሉ፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች ለምድብ ተጠሪው በእጅ ይከፍላሉ።

ሞት የባንክ ሰዓት አይጠብቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ለሚደርስ ሐዘን የአንድ ክፍያ ግማሽ በጥሬ ገንዘብ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ግማሹ ከቀብር በፊት፣ ቀሪው በሠልስት ይሰጥ።

ቴሌግራም ላይ ቻናልና ግሩፕ ለዩ። ቻናሉ ላይ ጸሐፊውና ተጠሪዎቹ ብቻ ይጻፉ፣ ለሐዘንና ለስብሰባ ብቻ። ግሩፑ ለጨዋታው ይሁን፤ እዚያ «ነፍስ ይማር» ሰባ ጊዜ ሲጻፍ የቀብሩ ሰዓት ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠፋል። የካቲት 2015 ቴሌግራም ተገድቦ እንደነበር አትርሱ፣ ስለዚህ ዋናው መንገድ ስልክ ይሁን። ሦስቱ ተጠሪዎች ለአምስት አምስት ሰው ይደውላሉ፣ እነዚያ 15 ደግሞ ለየስድስት ወይም ለየሰባት ሰው። 110 ሰው እንዲህ በግማሽ ሰዓት ይዳረሳል። ስልኩን ያላነሳው በመጨረሻ አጭር መልእክት ይላክለት።

አንድ ነገር ብዙ እድሮች ይስቱታል። ቻናሉ ላይ ከመጻፉ በፊት ቤተሰቡን «መርዶ ያልተነገረው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለፋፊ ጥሩምባ ሲነፋ የሚሰማው ሰፈሩ ነበር፤ ቴሌግራም ግን ዱባይ ያለችው ልጅ ጋ ሽማግሌ ሳይላክባት በፊት ይደርሳል። የእናቷን ሞት ሥራ ላይ ሆና በስልክ ስክሪን ካነበበች በኋላ የሚካስ ነገር የለም። ቤተሰቡ እስኪፈቅድ በስልክ ሰንሰለቱ ብቻ ሂዱ። ከተፈቀደ መልእክቱ አጭር ይሁን፦

«የአባል ቁጥር 047 እናት ዐርፈዋል። ቀብር ነገ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን። ሐዘን መድረሻ ገላን ጉራ፤ የብሎኩን ቁጥርና ካርታውን ከታች ይመልከቱ።»

«ከቀኑ» የሚለውን አትዝለሉ። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ ወጣት 8 ሰዓትን ጠዋት አድርጎት ይመጣል።

ያልከፈሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር ቻናል ላይ መለጠፍ ደግሞ ይቅርባችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ። አዋጁ ባይኖርም የተሰደበ ሰው አይከፍልም።

የጓዳ ሹም፦

ወንድሞቼ፣ ስለ ገንዘቡ ብዙ ብላችኋል። እኔ ስለ ዕቃው።

ሸራ ድንኳን የአፈር ግቢ ዕቃ ነው። 5 በ10 ሜትር የሆነው፣ ገመዱ በየጎኑ ሁለት ሜትር ስለሚወጣ 9 በ14 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ላይ በብሎኮች መካከል እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ቢገኝም መኪና ቆሞበታል። ታይልና አስፋልት ላይ ደግሞ ካስማ አይገባም። ታይል ነቅሎ የተከለ የጥገናውን ይከፍላል፣ ኮሪደር የተሠራበት የእግረኛ መንገድ ላይማ አይታሰብም። አንዱን ሸራ ሽጡና የብረት ፍሬም ያለው ድንኳን ግዙ፤ ገመድ አይፈልግም። በየእግሩ ሁለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ እሰሩ፣ ያ 40 ኪሎ ነው። ሳይታሰር የቀረ ፍሬም በክረምት ነፋስ ተነሥቶ ሰው ላይ ይወድቃል። የቀረው ሸራ ዝናብ የመታው ከሆነ ሳይደርቅ አይታጠፍ፣ በሁለት ሳምንት ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም።

ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ካለ ቀድማችሁ አጣሩ። ቁልፉ ያለው በቤት ባለቤቶች ማህበር እጅ ነው፣ ሐዘን ሲደርስ ሌሊት እሱን ማፈላለግ ስለማያዋጣ አሁን በደብዳቤ ተዋዋሉ። ከሌለ መኪና ማቆሚያው ላይ ለሦስት ቀን እንዲፈቀድ ማህበሩን በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ዕቃውን ለሦስት እኩል አትክፈሉት። ለገላን ጉራ መቶ ሰው የሚያስተናግድ ሙሉ ዕቃ ይሁን፦ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ አንድ የንፍሮ ድስት፣ 100 ሰሃን፣ 120 ብርጭቆ፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት። ለአራብሳ ግማሹ ይበቃል። መሃል ከተማ የቀሩት ግን ተከራይ ናቸው፣ ማስቀመጫ የላቸውም፤ ለእነሱ ኪራይ ይሻላል። የየምድቡ ዕቃ ቂጡ ላይ የተለያየ ቀለም ይቀባ፣ አለዚያ በሁለተኛው ሐዘን «የእኛ ነው» ይጀመራል።

እሳቱን ተጠንቀቁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለት ምጣድ በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ሰክቶ እንጀራ መጋገር ገመዱን ያቀልጠዋል፣ ቆጣሪውም ጠፍቶ ቤቱን ያጨልማል። እንጀራውን ከጋጋሪ እዘዙ፣ ቤት ውስጥ ወጡና ቡናው ብቻ ይሠራ። ሴቶች ሥራ ላይ ይውላሉና የማምሻ ተራውም ለወንዱም ይድረስ፤ ሰሃን ማጠብ ለማንም አያንስም።

ደንብ አዋቂ፦

መበተን ኃጢአት አይደለም፣ ግን በትክክል ይበተን።

እድርና እቁብ ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ውጭ ናቸው። የሚገዛችሁ የራሳችሁ ደንብና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ያለው የማህበራት ክፍል ነው። ስለዚህ ደንባችሁ ስለ መፍረስና ስለ ማሻሻል ምን ያህል ድምፅ ይጠይቃል የሚለውን መጀመሪያ አንብቡ። የቴሌግራም ምርጫ ድምፅ አይደለም። አባሉ ቤተሰብ ነው፣ ከአንድ ቤት ሦስት ስልክ ሦስት ጊዜ ይጫናል። ተጠሪው የአባል ቁጥር ያለበትን ወረቀት ይዞ ያስፈርም፣ መምጣት የማይችል ደግሞ ለሌላ አባል በጽሑፍ ይወክል።

ከተበተናችሁ ክፍፍሉ በነፍስ ወከፍ እኩል አይሁን። 30 ዓመት የከፈለችና አምና የገባ እኩል ሲወስዱ ጠብ ይነሣል። በተከፈለ ወር ቁጥር አካፍሉ። ውሳኔው በተላለፈበት ቀን ያልተከፈለ ሐዘን ካለ ቅድሚያ ይከፈል።

«እያንዳንዱ በየሰፈሩ ይግባ» የሚለው ለወጣቱ ይሠራል፣ ለሰባ ዓመት አዛውንት ግን አይሠራም። ነባር እድር አዲስ ገቢን የንብረት ድርሻ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ የዕድሜ ጣሪያም አለው። ከ60 ቤተሰብ በታች ስትወርዱ በጅምላ ግቡ፦ ድንኳኑና ተቀማጩ ለመግቢያ ይታሰብ፣ በልዋጩ አዛውንቱ ያለ ዕድሜ ገደብ ይመዝገቡ። ብቻውን የሚያንኳኳ አዛውንት ይህን መደራደሪያ አያገኝም።

የመሃል ከተማው እድር የቆመው በቀበሌ ቤት ላይ ነበር። በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ኪራዩ ስለማይንቀሳቀስ ሰው ለአርባ ዓመት ከአንድ ግቢ አልተነሣም፣ እድር የሚፈልገው መርጋት የመጣው ከዚያ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ባለቤቱ ያከራያል፣ ተከራዩ ይቀያየራል። ስለዚህ አባልነት ለሰው እንጂ ለቤት ቁጥር አይሰጥ። ተከራይም አትግፉ፤ በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ለሁለት ዓመት የሚከፍል ጎልማሳ ደግሞ ለሒሳባችሁ ከወርቅ ይበልጣል።

ደንቡን ስታሻሽሉ አንድ መስመር አስገቡ፦ የእድሩ ገንዘብ ከሐዘንና ከአባላት መረዳጃ ውጭ ለማንኛውም መዋጮ አይወጣም። የመንግሥት ይሁን የፓርቲ የድጋፍ ጥሪ ሲመጣ ሰብሳቢው በግሉ ከሚግደረደር ደንቡን ቢያሳይ ይቀለዋል።

የእድር ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። 20 ያህል ሙስሊም አባላት አሉን፣ ቀብራቸው በዚያው ቀን ነው። ማህተማችን ደግሞ የድሮውን ቀበሌ ስም ይዟል።

ኔትወርክ፦

ለእነሱ በስልክ ሰንሰለቱ ጀምሩ፣ ቻናሉን አትጠብቁ። የየምድቡ አንድ ሙስሊም አባል ሁለተኛ ተጠሪ ይሁን፤ የመቃብር ቦታውንና ሰዓቱን ከመስጊዱ የሚያውቀው እሱ ነው። ግማሽ ክፍያው በሰዓት ውስጥ መድረስ ስላለበት በእጅ ካለው ይሰጥ። ሦስት ቀን ድንኳን የማይፈልግ ቤተሰብ የድንኳኑን ወጪ በገንዘብ ይውሰድ፣ ይህም ደንቡ ላይ ይጻፍ።

ደንብ አዋቂ፦

ማህተሙን የባንክ ሒሳብ ከመክፈታችሁ ወይም ፈራሚ ከመቀየራችሁ በፊት ቀይሩት፣ ባንኩ ጋ ያለው ናሙና ከደብዳቤው ማህተም ጋር ካልገጠመ ተመለሱ ትባላላችሁ። አዲሱ ላይ የእድሩ ስምና የተመሠረተበት ዓመት ብቻ ይቀረጽ፣ ወረዳ አይጻፍበት። አሮጌው በሦስት የኮሚቴ አባላት ፊት ይቆረጥና መቆረጡ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።