የኪርስተን ሙንክ ልጆች ለምን አልነገሡም?

ሰላም ከኮፐንሃገን፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን እንግዳ ይዤ ሮዘንቦርግ ቤተ መንግሥት ገብቼ ነበር። ያሠራው የዴንማርክ ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ነው። ሁለት ጊዜ አግብቶ ብዙ ልጆች ወልዷል። የነገሠው ግን የመጀመሪያዋ ሚስት ልጅ ፍሬድሪክ ነው። ኪርስተን ሙንክስ ሚስቱ አልነበረችም? የእሷ ልጆች ምን ሆኑ?

የታሪክ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ሚስቱስ ነበረች፤ ንግሥት ግን አልነበረችም። በ1597 ያገባት አና ካትሪና ከጀርመኑ ብራንደንቡርግ ገዢዎች ቤት የመጣች ናት። በ1612 ሞተች። ኪርስተን ግን የአገሩ ባላባት ልጅ ናት። በ1615 መጨረሻ ሲያገባት ልጆቿ ዙፋን እንደማይወርሱ የታወቀ ነበር። ፍሬድሪክም ቢሆን ተራው የደረሰው ታላቅ ወንድሙ በ1647 ስለሞተ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የኪርስተን ልጅ የሌዎኖራ ክርስቲና ነገር ነው። ንጉሡ የኪርስተንን ሴት ልጆች ለትልልቅ መኳንንት ዳረ። እሷን በ15 ዓመቷ ለኮርፊትስ ኡልፌልት ሰጣት። አማቹን በ1643 የመንግሥቱ ትልቅ ሹም አደረገው። አባትየው በ1648 ሲሞት እነዚህ አማቾች ጉልበተኞች ነበሩ። አዲሱ ንጉሥ ዘውዱን ያገኘው ሥልጣኑን የሚያጠብ ውል ፈርሞ ነው። ቂሙ ከዚያ ወዲያ አልበረደም። ኡልፌልት ከአገር ሸሽቶ ለስዊድን አደረ። ሌዎኖራ በ1663 የባሏን ገንዘብ ልታስከፍል እንግሊዝ ሄደች። ባለዕዳው የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ነበር። እሱ ግን ለዴንማርክ አሳልፎ ሰጣት። ሰማያዊው ግንብ በሚባል የኮፐንሃገን ቤተ መንግሥት እስር ቤት ገብታ፣ ከታሰረች 22 ዓመት ሊሆናት ጥቂት ሲቀር ነው የተፈታችው፤ ያውም የፍሬድሪክ ሚስት ንግሥት ሶፊ አማልየ በ1685 ከሞተች በኋላ። አንድ ቀን ፍርድ ቤት አልቀረበችም! ያሳሰራት የገዛ አባቷ ልጅ ነው። ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

እማማ ዘነቡ፦
ልጆቼ፣ እናቲቱንም አንሷት እንጂ። ንጉሡ ከአንድ ጀርመናዊ መኮንን ጋር ወዳጅነት ጀመረች ብሎ ጠረጠራት። በ1629 የተወለደችውን የመጨረሻ ልጇን፣ ዶሮቴያን፣ ልጄ አይደለችም አለ። ኪርስተን ወደ ዩትላንድ፣ ወደ ዴንማርክ ምዕራብ፣ ተባረረች። እሱ ግን የእሷኑ ገረድ፣ ቪቤኬ ክሩሰን፣ ወስዶ ከእሷ ወለደ! ለሱ ሲሆን ማን ጠየቀው?

የታሪክ ወዳጅ፦
እውነትዎን ነው፣ እማማ። ያ የቪቤኬ ልጅ ኡልሪክ ክርስቲያን ጊልደንሎቨ ደግሞ በ1658 ስዊድኖች ኮፐንሃገንን ሲከቡ ከተማዋን ሲከላከል ቆይቶ በዚያው ከበባ መሃል ታሞ ነበር የሞተው። ኡልፌልት በዚያ ጦርነት ከስዊድን ጋር ወግኖ ነበር። የአንድ ንጉሥ ልጅና አማች ናቸው እንግዲህ።

ሰላም ከኮፐንሃገን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግንቡ አሁን አለ?

የታሪክ ወዳጅ፦
ፈርሷል። ቦታው ክርስቲያንስቦርግ ነው፣ ፓርላማው ያለበት። ከሥሩ ያለው ፍርስራሽ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የግንቡን መሠረት እዚያ ታዪዋለሽ።