ለደሴና ለኮምቦልቻ ምክር ቤቶች የምናቀርበው የወጣት ማዕከላት ጥያቄ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ ውይይት

ፀሐፊ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ እኅት ማኅበራችን ጋር በጋራ የምናስገባውን ጥያቄ እንደገና መጻፍ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ያልጠየቀው ነገር የለም፦ አዲስ ሕንፃ፣ ኮምፒውተር፣ የኳስ ሜዳ፣ ብድር፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ኃላፊው "ይታይ" ብሎ ይመራዋል፣ በዚያው ይቀራል። አንድ ነገር እንምረጥ። እኔ የምለው፣ ያሉት ማዕከላት ማታና ቅዳሜ እሑድ እንዲከፈቱ የሥራ ማስኬጃ በጀት እንጠይቅ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይናገር።

አባል፣ ሆጤ፦
እኔን ቅር ይለኛል። በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት እንደ አሸን ሲፈላ እኛ የመብራት ክፍያ እንለምን? ሰፈራችን ማዕከል የሚባል ነገር የለውም። ትልቅ ነገር ካልጠየቅን ትንሹንም አይሰጡንም። ድርድር እኮ እንደዚያ ነው።

አባል፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ፦
ወንድሜ፣ ቤቲንግ ቤቱ ሰው የሚሞላው እኛ ከሥራ በምንለቀቅበት ሰዓት ክፍት ስለሆነ ነው። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰርቪሱ ሰፈር ሲያደርሰኝ 12 ሰዓት ያልፋል፤ ማዕከሉ ደግሞ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት 11፡30 ላይ ይቆለፋል። እሑድ ጭራሽ አይከፈትም። ውስጡን ያየሁት ለስብሰባ ስንጠራ ነው። የጠረጴዛ ቴኒሱ መረብ ስለሌለው ሁለት ብሎኬት አቁመው ጣውላ አጋድመውበታል። ንባብ ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ መብራት ሄዶ መስሎኝ ብጠይቅ የቆጣሪው ካርድ አልቆ ነው አሉኝ፣ የሚሞላበት ብር ደግሞ "ተጠይቋል"። ሕንፃው አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ቴሌቪዥኑም ላስቲኩ ሳይወልቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አዲስ ሕንፃ ቢሠሩልንስ በስንት ሰዓት ሊዘጉት ነው?

ሒሳብ ያዥ (ደሴ)፦
ልጆች፣ ጡረታ እስክወጣ ፋይናንስ ስለሠራሁ የብሩን መንገድ ላሳያችሁ። የመንግሥት በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ሕንፃ፣ አጥር፣ ትልልቅ ዕቃ ካፒታል ነው። ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ጥገና፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደበኛ ነው። ካፒታሉ ሪባን የሚቆረጥበት ስለሆነ የሚገፋለት ሰው አያጣም። መደበኛው ግን ከክልል በድጎማ ከሚመጣው ጥቅል በጀት ነው የሚሸፈነው፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል። የተረፈችውን ሥራ ማስኬጃ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ግብርናው ይሻማባታል። የወጣት ማዕከል ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው፤ መረብ የሌለው ጠረጴዛ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከተማው ራሱ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለ፣ እሱ ግን ለመንገድ፣ ለፍሳሽ፣ ለጽዳት ነው የሚታሰበው፤ ለወጣት ይዙር ብንል ረጅም ክርክር ውስጥ እንገባለን።

ስለዚህ ፀሐፊያችን ያለችው ልክ ነው፣ ነገር ግን "በጀት ይመደብ" ብቻ አትበሉ። የማዕከላቱ ሥራ ማስኬጃ እነሱን ከሚያስተዳድረው የከተማው መምሪያ ጠቅላላ ወጪ ተለይቶ በራሱ ርዕስ ይቀመጥ በሉ። ካልተለየ ለመምሪያው መኪና ነዳጅ ሆኖ ያልቃል፣ ጥፋተኛም አይገኝም። አዲስ የሥራ መደብ አትጠይቁ፤ የሲቪል ሰርቪሱ ፈቃድ ዓመት ይፈጃል። የማታውን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም በኮንትራት ቅጥር ጠይቁ። ጊዜም አትፍጁ፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው የሚሠራው። ሰኔ ላይ የሚገባ ደብዳቤ ለፋይል ማድመቂያ ነው።

አባል፣ ሰኞ ገበያ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያ 10 ቢሊዮን ብር የተባለው የወጣቶች ፈንድስ? ከሱ ለምን አንጠይቅም?

ፀሐፊ (ደሴ)፦
እሱ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ስሙ እንደሚለው ብድር ነው፤ ተደራጅቶ የንግድ ሐሳብ ያቀረበ ወጣት ይበደራል፣ ይመልሳል። ንባብ ክፍል ምን ሸጦ ይመልሳል? ሁለቱን ከቀላቀልን "እናንተ ወደ ሥራና ክህሎት ሂዱ" ብለው ይሸኙናል። ለነገሩ ከ2014 ወዲህ በፌዴራል ደረጃ የሥራ ፈጠራው ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ማኅበራዊው ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዷል፤ አንዱ ወደ ሌላው ለመምራት ሰበብ አያጣም። ግልባጭ ለሁሉም እናድርግ።

አባል፣ ሆጤ፦
ገባኝ፣ ሕንፃውን ትቼዋለሁ። ግን ብሩ ለምን በማኅበራችን በኩል አይመጣም? እኛ ብንይዘው ካርዱም ይሞላል፣ መረቡም ይገዛል።

ሒሳብ ያዥ (ደሴ)፦
አይሆንም ልጄ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪያችን ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ዘበኛና መብራት የየትኛው ወጪ ነው እያልን ከኦዲተር ጋር ስንነታረክ ዓመቱ ያልቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ብሩ በእኛ እጅ ከገባ ማዕከሉ ሲዘጋ ሕዝቡ የሚጠይቀው እኛን ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። ሸክሙን አታንሱላቸው። የእኛ ድርሻ በጎ ፈቃደኛ ማቅረብና መከፈቱን መከታተል ይሁን፤ እሱም በመግባቢያ ሰነድ ይታሰር።

አባል፣ ሰኞ ገበያ፦
ዕድሜውንስ ምን እንበል? የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ይላል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር 35 ያደርሰዋል። ፈንዱ ደግሞ ከ18 እስከ 34 ነው። እኔ በአንዱ ጎልማሳ በሁለቱ ወጣት ነኝ 😄

አባል፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ፦
ከላይ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ከታች ግን 15ን እንዳትነኩ። በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ልሂድ ብለው ደላላ የሚያማክሩት እኮ 16፣ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ከ18 ከጀመርን ዋናዎቹን በር ላይ መለስናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ማታ ይከፈት ስንል ለወንዶች ብቻ እንዳይሆን። እስከ 3 ሰዓት ክፍት ቢሆንና ፑሉን የከበቡት የ30 ዓመት ጎረምሶች ቢሆኑ እኔ ታናሽ እህቴን አልልካትም፣ እናቴም አትፈቅድም። በሩ ላይ መብራት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች መጸዳጃ፣ ማታ ከሚመደቡት ሠራተኞች አንዷ ሴት። ይህ በአባሪ ሳይሆን በዋናው ጥያቄ ውስጥ ይግባ።

ፀሐፊ (ደሴ)፦
ይገባል። ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው ምክር ቤትና በጀት ስላላቸው አንድ ዓይነት ይዘት ያላቸው ሁለት ደብዳቤዎች ይወጣሉ፣ ሁለቱም ማኅተም ያርፍባቸዋል። የጥያቄው አንቀጽ እስካሁን እንዲህ ሆኗል፦

"በከተማ አስተዳደሩ ሥር የሚገኙ የወጣት ማዕከላት ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ምሽቱ 3፡00 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ለሆኑ ወጣቶች ክፍት እንዲሆኑ፤ ለዚህም የሚያስፈልገው የመብራት፣ የውሃ፣ የጥገናና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመምሪያው ጠቅላላ ወጪ ተለይቶ በሚቀጥለው በጀት ዓመት መደበኛ በጀት ውስጥ በራሱ ርዕስ እንዲያዝ፤ በምሽት ከሚመደቡት ሠራተኞች ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆንና የበር መብራትና የሴቶች መጸዳጃ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲሟሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።"

29 ያልኩት የአገሪቱ ፖሊሲ ስለሆነ ነው፤ ቻርተሩን ይዘን ብንሄድ መጀመሪያ የሚያከራክሩን በእሱ ነው። ሰኞ ገበያ፣ ይቅርታ 😄

አባል፣ ሰኞ ገበያ፦
ምን ይደረጋል፣ በበጎ ፈቃደኝነት እገባለሁ። "የተያዘው በጀት በማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ" የሚል ጨምሩበት። ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የከተማውን በጀት ለሕዝብ የሚለጥፉበት አሠራር አለ፣ አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ሒሳብ ያዥ (ደሴ)፦
ጥሩ። አሁን ቁጥር ይቀረናል፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ ቁጥር የሌለው መልስ ያመጣል። የመብራትና የውሃውን ካለፈው ክፍያ አውጡ። ለመረብ፣ ለአምፖልና ለቁልፍ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይምጣ። ትርፍ ሰዓቱን እኔ በደመወዝ ስኬሉ አሰላዋለሁ።

አባል፣ ሆጤ፦
የደሴን ፕሮፎርማ እኔ ከፒያሳ አመጣለሁ። ግን ሆጤ ማዕከል የሌለው መሆኑ በአንድ መስመር እንኳ ይጠቀስልኝ።

አባል፣ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ፦
የእኛን የመብራት ክፍያ ነገ ጠይቄ እልካለሁ። ለማውጣት ደብዳቤ ካሉኝ ፀሐፊያችን ዛሬ ማታ ጻፊልኝ፤ ሥራ ላይ ስልክ አንይዝም።