ሱ ፎልስ ለምትኖሩ፦ ባለ ሁለት መኝታ በ1,200 ዶላር ይገኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለባለ ሁለት መኝታ 2,150 ዶላር እንከፍላለን። የባለቤቴ ወንድም ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው ያለው። "ኑ፣ እዚህ ይሻላችኋል" እያለ ሁለት ዓመት ጎተጎተን። አሁን እዚያ ሆስፒታል ውስጥ በሰዓት 19 ዶላር ሥራ አገኘሁ። ባለቤቴ ከደረስን በኋላ ነው የምትፈልገው። ሁለት ልጆች አሉን።

ኢንተርኔት ላይ 900ም አያለሁ፣ 1,500ም አያለሁ። ወንድሟ ቤት ከገዛ ስለቆየ የኪራይ ነገር አያውቅም። እውነተኛው ዋጋ ስንት ነው? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? አንድ ማስታወቂያ ደግሞ "1,250፣ የመጀመሪያው ወር ነጻ" ይላል። ልያዘው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ 11 ዓመቴ ነው። ስመጣ ለባለ ሁለት መኝታ 680 ነበር የምከፍለው። አሁን በምሥራቅ በኩል አሮጌ ሕንጻ ላይ 1,095 እከፍላለሁ። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ የጋራ። ቅዳሜ ወረፋ አለው። ግን ማሞቂያው ኪራዩ ውስጥ ነው።

ያየኸው 900 ባለ አንድ መኝታ ይሆናል፣ ወይም የቆየ ማስታወቂያ። 1,500ው ደግሞ ደቡብ ያለው አዲሱ ሰፈር ነው፣ ሊንከን ካውንቲ የሚገባው። ማጠቢያው ቤት ውስጥ፣ ጂም ምናምን ያለው።

ስለ ጭማሪው፦ እዚህ ግንባታው ጉድ ነው። በ2021 ከተማው የሰጠው የግንባታ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በ2022 ወደ 1.9 ቢሊዮን ደረሰ። በ2020 ቆጠራ 192,517 ሰው ለነበረው ከተማ ይሄ ብዙ ነው። አፓርታማዎቹ ተከታትለው አለቁ፣ ተከራይ ግን እንደዚያ አልተከታተለም። ያ ነጻ ወር የመጣው ከዚህ ነው።

የማታ ሺፍት፦
እህቴ ልክ ብላለች። ነጻ ወሩን ግን እናስላው። 1,250 በ11 ወር 13,750 ነው። ለ12 ስታካፍለው ወደ 1,146 ይወርዳል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ታዲያ ለምን ዝም ብለው 1,146 ብለው አይለጥፉትም? ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ሲታደስ ጭማሪው የሚነሳው ከ1,250 ስለሆነ ነዋ! እኔ እንደዚህ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት 1,310 አሉኝ። ከለመድኩት ጋር ሳወዳድረው በወር 160 ብር ገደማ ጨመረ (ብር ያልኩት ዶላር ነው፣ አፌ አልለቅ ብሎ)።

ደግሞ ልብ በል። አንተ ያለህበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ ለአብዛኛው የቆየ ሕንጻ ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለው። እዚህ የለም። የስቴቱ ሕግ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጡ ይከለክላል።

ሹፌሩ፦
ወንድሜ፣ ክረምቱን ያሰላልህ ሰው የለም። ከሜሪላንድ ስትመጣ የጃንዋሪ ብርድ እዚህ ሌላ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው "ማሞቂያውን የሚከፍለው ማነው?" የሚለውን ነው። ሁለተኛ፣ ጋዝ ነው ወይስ ግድግዳ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ? ኤሌክትሪኩን አንተ የምትከፍል ከሆነ በርካሽ ያገኘኸው ቤት ጃንዋሪ ላይ ይበላሃል።

ስለ ጋራዥም (ስለ መኪና ማቆሚያው) ጠይቅ። ብዙ ቦታ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ከተማው የበረዶ ማስጠንቀቂያ ሲያውጅ መንገድ ዳር የተረሳ መኪና ይቀጣል፣ ይጎተታል። እኔ ለጋራዥ 60 ዶላር ሰስቼ መኪናዬን ከተጎተተበት ለማውጣት የሦስት ወሩን ጋራዥ ከፍያለሁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ባለ 1,250ው ጋ ደወልኩ። ማናጀሯ "ገቢህ የኪራዩ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት" አለችኝ። ነጻ ወሩን ቆጥራ አይደለም፣ በ1,250 ነው።

የማታ ሺፍት፦
በ19 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ከታክስ በፊት በወር 3,293 ገደማ ታገኛለህ። እሷ የምትፈልገው 3,750 ነው። አላለፍክም። የእህታችን ዓይነቱ 1,095 ግን ሦስት እጥፉ 3,285 ነው። በ8 ዶላር ታልፋለህ። 😄

ከሥራህ የቅጥር ደብዳቤ አጽፍ፣ የደሞዝ ወረቀት ገና ስለሌለህ። የባለቤትህ ወንድም ዋስ ሆኖ ቢፈርም የሚቀበሉም አሉ። እሱ ግን ካልከፈልክ እሱ ላይ እንደሚመጡ አውቆ ይፈርም።

አንድ የሚያጽናና ነገር፦ እዚህ የስቴት የገቢ ታክስ የለም። አስቤዛ ላይ ግን ታክስ አለ፣ እንዳትደነግጥ።

ከሃሪስበርግ፦
ለምን ከተማው ውስጥ ብቻ? ሃሪስበርግ፣ ብራንደን፣ ቲ አሉ። ቲ ማለት ሻይ ነው፣ አልቀለድኩም፣ የከተማ ስም ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ ለልጆች ደስ ይላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
መኪናችሁ አንድ ከሆነ አይሆንም። እሱ ሥራ ሲሄድ ባለቤቱ ከልጆች ጋር በረዶ ውስጥ ታስራ ልትውል ነው? ከተማው ውስጥ ቢያንስ አውቶቡስ አለ፣ እሑድ ባይሠራም። ሁለተኛ መኪና ከገዛችሁ በኋላ ሃሪስበርግ ይታሰብ።

ከሃሪስበርግ፦
ተቀብያለሁ። እኛ ሁለት መኪና ስላለን አላሰብኩትም።

ሹፌሩ፦
የመጨረሻ፦ ዲፖዚት፣ ስትገባ የምታስይዘው ገንዘብ። በሳውዝ ዳኮታ ሕግ የተለየ ምክንያት ከሌለ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዝ አይችሉም። ስትወጣ አዲሱን አድራሻህን ስጣቸው። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ ገንዘቡን ወይ የቆረጡበትን ምክንያት በጽሑፍ መላክ አለባቸው። እኔ አንዱ አከራይ ምንጣፍ ብሎ 400 ሊቆርጠኝ ነበር። የገባሁ ቀን ያነሳሁትን ፎቶ ስልክለት ዝም አለ፣ ገንዘቤም መጣ። ቤቱን ሳታዩ ደግሞ በስልክ ገንዘብ ላክ ለሚል ሰው ሳንቲም እንዳትልክ።

ጠያቂ፦
ባለ 1,250ውን ትቼዋለሁ። ባለ 1,095ዋ እህታችን ያለችበት ሕንጻ ላይ በሚቀጥለው ወር አንድ ቤት ይለቀቃል አሉኝ። ሐሙስ የባለቤቴ ወንድም ሄዶ ያየዋል። ሳሎኑን ቪዲዮ ከማንሳቱ በፊት ማሞቂያው የምን እንደሆነ እንዲያይ ነግሬዋለሁ።