የድሮ ዲኤክስ የኋላ ሾክ ግቢ ውስጥ መቀየር ይቻላል?

ባለዲኤክስ

ደብረ ብርሃን ነኝ። መኪናዬ የድሮ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ከአባቴ የቀረችኝ። መሸጥ አልፈልግም።

የኋላ ሾኮቿ፣ ዝላዩን የሚያበርዱት ዘይት ያለባቸው ቱቦዎች፣ አልቀዋል። የግራው ዘይቱን አፍስሶ፣ አቧራ ጠጥቶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ኩርባው ላይ መንገዱ ትንሽ ሸካራ ካለ ኋላዋ ወደ ውጭ ይሸሻል። እቃ ከጫንኩማ ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ስትዘል ነው የምትቆየው።

አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሾኩም፣ ሞላውም (ስፕሪንጉም)፣ ጎሚኒውም (የመገጣጠሚያው ላስቲክም) ይቀየር አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ ሌላ መኪና ሊገዛ ምንም አልቀረው። እኔ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አዲስ ጥንድ ሾክ አስመጥቻለሁ። ክሪክ አለኝ፣ መፍቻ አለኝ፣ ግቢ አለኝ። ቅዳሜ ልገባበት ነው። በእጁ የሠራ ሰው ካለ፣ የቱ ጋ ነው የሚያስቸግረው?

ጡረተኛው መካኒክ

ይቻላል ልጄ። ሾኩ ቀላል ነው፤ ሰው የሚጎዳው አነሳሱ ላይ ነው።

የእጅ ፍሬን ስለሳብክ መኪናዋ የታሰረች እንዳይመስልህ። እሱ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። ማርሽ ብታስገባም ያው የኋላውን ነው። አንተ ደግሞ እሱኑ ከመሬት ልታነሳው ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባላቸው። ግቢህ ዋልካ ከሆነ ክሪኩ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ወፍራም ሳንቃ ከሥሩ አድርግ። ቦዲዋን በብረት ካቫሌቶ፣ ባለ እግሩ መደገፊያ፣ ደግፍ። ብሎኬት ደርድሬ እገባለሁ እንዳትል፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ደግሞ ሁለቱን ሾክ በአንዴ እንዳትፈታ። የዲኤክስ የኋላ እግር በሞላ ነው፤ አክስሉ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል የሚገታው ሾኩ ነው። ሁለቱም ከወጡ ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል፣ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል። ክሪኩን ከአክስሉ ሥር አስገብተህ ትንሽ ደገፍ አድርገው። አንዱን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው።

ሾኩን ከላይ የሚያስረው ዳዶ ያለው ፖርቶመጋላ፣ የኋላው የእቃ መጫኛ፣ ውስጥ ነው። ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው። ዳዶውን ስታዞር ዘንጉም አብሮህ ይዞራል። ጫፉን ልብ ብለህ እየው፤ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። እሱን በአንድ መፍቻ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ በሌላው ዳዶውን ፍታ። ጠፍጣፋው ተበልቶ ከሆነ በመጋዝ ቁረጠው። አሮጌ ሾክ ለማን ብለህ ነው? የታችኛው ብሎን ክረምት ከበጋ ጭቃ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ አርብ ማታ ዝገት ማስለቀቂያ ንፋበትና ይደር።

የሮቢቷ ሹፌር

ጋሼ ዋናውን ብለውታል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ወንድሜ፣ ዲኤክስህ የምትነዳው በኋላ ነው ወይስ በፊት? በፊት የምትጎትተው ዲኤክስ የኋላ ሾኳ ከሞላው ጋር አንድ ላይ ነው። የእሷን የመሐል ዳዶ ሞላ መጭመቂያ ሳይኖርህ እንዳትነካው። ሞላው ተወርውሮ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

የኋላዋ ከሆነች ደግሞ ከመግጠምህ በፊት አዲሱን ሾክ ቀጥ አድርገህ አቁመውና ደጋግመህ ሳብ ግፋ አድርገው። ሱቅ ውስጥ ተኝቶ ስለሚከርም አየሩ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የጋዝ ከሆነ ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ላዩን ካሰርክ በኋላ ማሰሪያውን ፍታ።

የታችኛውን ብሎን መኪናዋ አየር ላይ እያለች እንዳታጠብቀው። ዝም ብለህ አስገባው። ጎማዋ መሬት ወርዶ ክብደቷ ሲያርፍበት ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

መሐል ሜዳ

ሾክ የሌለው መኪና ይዘላል፣ እሺ። ኩርባ ላይ ኋላዋ የሚሸሸው ግን በሾክ ብቻ ላይሆን ይችላል። አክስሉን ከቦዲ ጋር የሚይዙት ዘንጎች አሉ፤ የእነሱ ጎሚኒ ካለቀም እንዲሁ ነው የሚያደርጋት። ሥር ከገባህ አይቀር ረጅም ብረት አስገብተህ ነቅነቅ አድርጋቸው። ጋራዡ ሁሉንም ዋሽቷል ብዬ አልምልም። ሞላው ግን ካልተሰበረና መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ካላዘነበለች ምን አደረገ?

ባለዲኤክስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኋላዋ ናት እህቴ፤ ሾኩ ከሞላው ተለይቶ ነው የቆመው። ካቫሌቶ ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ልጨምርብዎት። ጠዋት ጠዋት ኋላዋን ስጫናት ድርቅ ትላለች፣ ደህና ትመስላለች። ከሰዓት ግን ትዘላለች። ይሄ ምንድን ነው?

ጡረተኛው መካኒክ

የደብረ ብርሃን ውርጭ ነዋ። ሾክ የሚሠራው ዘይቱ በትንንሽ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ነው። ብርድ ላይ ዘይቱ ይወፍራል፣ ያለቀውም ሾክ ጤነኛ ይመስላል። ሲሞቅ ይቀጥንና ጉዱ ይወጣል። ኮሮኮንች ላይ ብዙ ከሄድክ ደግሞ ጭራሽ አረፋ ይሆናል። አዲሱን ከገጠምክ በኋላም ጠዋት አትፈትነው። ጠባሴን ዞር ዞር ብለህ ና፣ ከዚያ ተጫናት። አንዴ ወርዳ ወጥታ ቀጥ ማለት አለባት።

የዘንጎቹን ጎሚኒ ደግሞ ያ የመሐል ሜዳው ልጅ እንዳለህ እይ። ልክ ነው።